ጠገራ፣ ሊሬ፣ ሽልንግ፦ በጦርነቱ ዘመን የዳንግላ ገበያተኛ በምን ይገበያይ ነበር?



ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ የአሜሪካ ቤተሰብ እንዴት ይኖር እንደነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። ፊልሙም መጽሐፉም ነግሮናል። በ1934 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1942) መንግሥታቸው የዋጋ ጣሪያ አወጀ፣ ለያንዳንዱ ሰው የራሽን ደብተር አደለ። መጀመሪያ የመኪና ጎማ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያም ጫማ፣ ሥጋና ቅቤ በኩፖን ሆነ። ቡና ሳይቀር ከኅዳር እስከ ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ለአንድ ዐዋቂ ሰው በአምስት ሳምንት አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ ብቻ ነበር የሚፈቀደው። (በቀን ሦስት ጊዜ ለሚያፈላው የእኛ ሰው ይህ የሳምንት እንኳ አይሆንም።) መዳብ ለጥይት ቀለህ ስለተፈለገ በፈረንጆቹ 1943 አንድ ሳንቲማቸውን ዚንክ ከተቀባ ብረት ቀረጹት።

የእኛ አገር ሰውስ በዚያ ዘመን እንዴት ኖረ? ጨው በምን ገዛ? ጨርቅ ከየት አገኘ? በእጁ የያዘው ገንዘብ ነገም ገንዘብ ሆኖ እንደሚያድር በምን ያውቅ ነበር? ለእኛ ጦርነቱ የተጀመረው አውሮፓ ከመቀጣጠሏ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ስለ አርበኛው ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ገበያተኛው ግን ጥቂት። ዛሬ የምናወራው ስለ ገበያተኛው ነው፤ በተለይም ስለ ጎጃም፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራና ቡሬ ስላለው መስመር።

ከጦርነቱ በፊት ዳንግላ ተራ የገጠር ገበያ አልነበረችም። እንግሊዞች የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላቸውን የከፈቱት እዚያ ነው። ሜጀር ሮበርት ቺስማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. በቆንስልነት ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና ኖሯል። እንግሊዝ ዳንግላ ላይ ምን አላት ቢባል፣ መልሱ የጣና ውኃና የሱዳን ድንበር ነው። ከዳንግላ ወደ ምዕራብ በቆላው በኩል ሱዳን ይገባል። ወደ ሰሜን በጣና ዳር ጎንደርና መተማ ይደረሳል። ወደ ደቡብ ደግሞ በእንጅባራና በቡሬ ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ። በዚህ መንገድ ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳና የቆላ ጥጥ ይወጣል። አሞሌ ጨው፣ መርፌ፣ ዶቃና አቡጀዲ ይገባል።

አቡጀዲ ላይ ትንሽ እንቁም። ጀዲድ በዓረብኛ አዲስ ማለት መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ጨርቁ ግን የዓረብ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ የነገሠው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነበር፤ በስዋሂሊ አገር ስሙ ራሱ «መሪካኒ» ነው። ኋላ ጃፓን በርካሽ ዋጋ ገብታ ገበያውን ነጠቀች። ስለዚህ ዳንግላ አሜሪካን የማታውቅ ሩቅ አገር አልነበረችም፤ በትከሻዋ ለብሳታለች። ይህን ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ አሜሪካ በሌላ መልክ ተመልሳ ትመጣለች።

በዚህ መስመር ላይ ከሚመላለሱት ሲራራ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደጋው አገር በቀድሞው ሥርዓት ሙስሊሙ በአብዛኛው የርስት መብት አልነበረውም። መሬት ያልወረሰ ሰው ደግሞ ወይ ይነግዳል፣ ወይ ይሸምናል፣ ወይ ብረትና ብር ይቀጠቅጣል። ይህን እውነታ ልብ ካላልን የሚከተለውን ታሪክ አንረዳውም። ገበሬ ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ ጎተራው ይመለሳል፤ ገብሱን እየበላ ከገበያ ይርቃል። የነጋዴው ጎተራ ግን በከረጢቱ ያለው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከሞተ እርሱም ሞተ።

ያ ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ 28 ግራም የሚመዝን ብር። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 ነው። ገንዘቧ ግን ከሞተች በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መቀረጹን ቀጠለ፤ ምክንያቱም የቀይ ባሕር አካባቢ ሰው ሌላ አልቀበልም አለ። ዐፄ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ፓሪስ ላይ ያስቀረጹት ብር እንኳ ማርትሬዛን ከገጠር ገበያ ማስወጣት አቅቶታል። ነጋዴው ጠገራውን ሲቀበል ያገላብጠዋል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ነጥቦች ይቆጥራል። ነጥቡ ተፍቆ ከጠፋ «ያረጀ» ተብሎ ይመለሳል። ለዝርዝር ደግሞ አሞሌው ነበር። አሞሌ ከአፋር ጨው ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ስለሚወደድ፣ በአንድ ጠገራ የሚመነዘረው የአሞሌ ቁጥር ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ይህን ልዩነት በጭንቅላቱ የያዘ ነጋዴ ነው አትራፊ። ጥይትም እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ክረምት ሊሬ የአገሩ ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑን አወጀ። ጠገራ ብር ያለው ሁሉ መንግሥት በወሰነው ሒሳብ እንዲመነዝር ተጠየቀ። አስቡት እንግዲህ! ሲመታ የሚጮህ 28 ግራም ብር አስረክቦ፣ ዝናብ ሲነካው የሚበሰብስ ወረቀት መቀበል። ሕዝቡ ጠገራውን መሬት ውስጥ ቀበረ። ወረቀቱ ደግሞ የተጠራጣሪውን ልክነት ለማረጋገጥ ጊዜ አልፈጀበትም። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የሮማ መንግሥት የሊሬን ዋጋ በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ አደረገ። ክረምት ላይ ብሩን አስረክቦ ወረቀት የያዘ ነጋዴ መስቀል ሲደርስ ሀብቱ ምን እንደሆነ ለማወቅ የምጣኔ ሀብት ትምህርት አያስፈልገውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች የጠገራውን ተመን ደጋግመው ከፍ አደረጉ፤ ከ10 ሊሬ በላይ አደረሱት። ገበያው ግን ሁልጊዜ ከተመኑ ቀድሞ ይሄድ ነበር። የሚያስቀው፣ ጠገራን ሊያጠፉ የተነሡት ሰዎች ራሳቸው ጠገራ ይቀርጹ ነበር። ከወረራው በፊት በፈረንጆቹ 1935 የማርያ ቴሬዛን ማኅተም ከኦስትሪያ ተረክበው ሮም ላይ እስከ 1939 ድረስ ወደ 19 ሚሊዮን የሚሆን ጠገራ ሠርተዋል። ለአስካሪ ምልመላ፣ ለባላባት ማባበያ፣ ለእህልና ለከብት መግዣ ያስፈልጋቸው ነበር። ወረቀታቸውን በአዋጅ ሰጡን፤ እነርሱ ግን ሰው ለመግዛት ሲፈልጉ በብር ነው የገዙት።

ጎጃም በ1930 ዓ.ም. በአመፅ ከተነሣ በኋላ የገበያው ችግር የምንዛሪ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ምሽጎች ደረደረ። በምሽጉ ዙሪያ የእርሱ ሕግ፣ ከምሽጉ ትንሽ ራቅ ሲባል የአርበኛው ሕግ። በዳንግላ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በቡሬ በኩል ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። በመካከል አህያውን የሚነዳው ሲራራ ነጋዴ በአንዱ ዘንድ የሌላው ሰላይ ነው። ሊሬ ይዞ አርበኛ ዘንድ ቢገኝ «ባንዳ» ነው። ጠገራ ይዞ ምሽግ በር ላይ ቢገኝ ገንዘቡ በመንግሥት ተመን ይመነዘርበታል። የሱዳን መንገድ በጦርነቱ ሲዘጋ ቡናው ገዢ አጣ። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም ደግሞ የባሕሩም በር ተዘጋና የውጭ ጨርቅ ጠፋ። ያን ጊዜ የሸማኔው ጉድጓድ እንደገና ዋጋ አገኘ። የቆላ ጥጥ፣ የእናቶች እንዝርትና የሸማኔ እጅ ባይኖሩ ሰው ቆዳ ለብሶ በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያቆስል ጉዳይ አለ፤ ብንዘለው ታሪኩ ሐቀኛ አይሆንም። «በጣሊያን ጊዜ የተጠቀመው ሙስሊሙ ነው» የሚል አባባል እስከ ዛሬ ይሰማል። እውነት ነው፣ ጣሊያን መስጊድ አሠርቷል፣ ዓረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ፈቅዷል፣ ለቃዲ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል። ለዘመናት የተነፈገውን ያገኘ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሙሶሊኒ መጋቢት 1929 ዓ.ም. ትሪፖሊ ላይ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለውን ሰይፍ ሲቀበል፣ የዚያው የሊቢያ ሕዝብ መሪ ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር በዚሁ መንግሥት ከተሰቀሉ ገና ስድስት ዓመት አልሞላም ነበር። በአገራችንም በወልወልና በጎራሃይ ግንባር ወራሪውን ከተጋፈጡት መካከል እንደ ዑመር ሰመተር ያሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ወደ ገበያችን ስንመለስ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሊሬ አዋጅ ከማንም በላይ የጎዳው ሀብቱ በጥሬ ገንዘብ የነበረውን ሰው ነው። በደጋው ጎጃም ያ ሰው ማን እንደነበር ከላይ አይተናል። በአንድ እጁ መስጊድ የሠራ መንግሥት በሌላው እጁ የመስጊዱን ሰጋጆች ከረጢት አራቁቷል። የመጀመሪያው ሲወራ ሁለተኛው ለምን ይረሳል? የእኔ ጥያቄ ይኸው ነው።

ስለ ዘመኑ ወሬና መዝናኛም ጥቂት እንበል። ጣሊያን «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» እና «የሮማ ብርሃን» የተባሉ የአማርኛ ጋዜጦች ያትም ነበር። አንባቢው ጥቂት ስለነበረ ወሬው የሚዞረው በአፍ ነው፤ ገበያ ራሱ ጋዜጣ ነበር። ወታደሮቻቸው «ፋቼታ ኔራ» የሚባለውን ስለ ሐበሻ ልጃገረድ የተዘፈነ ዘፈን እየዘፈኑ መጡ። ዓመት ሳይቆይ የገዛ መንግሥታቸው በዘር ሕጉ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖርን ወንጀል አደረገባቸውና ዘፈኑ የማይወደድ ሆነ። ዘፈኑ ሄደ፣ ቃላቱ ቀሩ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ፋብሪካ፣ መርካቶ የምንለው ሁሉ የጣሊያንኛ ነው። ያ ከባድ የጭነት መኪና «ትሬንታ ኳትሮ» ጣሊያን ከወጣ በኋላ ስንት ዓመት በመንገዳችን ላይ አቃሰተ! ባንዳ የሚለውም ቃል የእነርሱው ነው፤ እነርሱ የረዳት ወታደር ቡድን ማለታቸው ነበር፣ እኛ ትርጉሙን ሰጠነው።

በእንጅባራ በኩል ሌላ ነገር ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ምሥረታውን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጥር 23 በእንጅባራ ሜዳ ላይ የምናየው የፈረስ ትርኢት ከዓድዋ ዘማች ፈረሶች መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመቱን ልብ በሉ፤ ምሽጉ ገና በቆመበት ጊዜ። ጣሊያንን ያሸነፈ ፈረስ ጣሊያን እያየ ሲወደስ ማለት ነው።

ነጻነት ወደ ጎጃም የመጣችው በግመል ጀርባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ገባና በፋግታ ተራሮች አካባቢ ከአርበኞች ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦም ኢድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ በጥር መጨረሻ በለያ ተራራ ደረሱ። የዊንጌት «ጌዴዎን ጦር» መንገድ ስላልነበረው ስንቁን ሁሉ በግመል ጫነ። ከሱዳን የተነሡት ግመሎች 15 ሺህ ገደማ ነበሩ። የቆላ እንስሳ ደጋ ላይ በብርድ፣ በዳገትና በማያውቀው ሣር አለቀ፤ አዲስ አበባ የደረሱት ጥቂት ደርዘኖች ብቻ ናቸው። ጦሩን የተከተሉ መኮንኖች መንገዱን የሚያውቁት በሞቱ ግመሎች ሽታ ነበር ይባላል። የግመሎቹ ነጂዎች የሱዳን ሙስሊሞች ነበሩ። ግመሎቻቸው ተራ በተራ ሲወድቁ በባዕድ አገር ብርድ በእግራቸው ተጓዙ። ስማቸውን የያዘ ሐውልት የለም።

ግመሎቹ ከተሸከሙት መካከል ጥይትና ምግብ ብቻ ሳይሆን ጠገራ ብርም ነበረ። እንግሊዞች የጎጃም ገበያ ፓውንድ እንደማይቀበል ያውቁ ነበር። ስለዚህ እነርሱም ለንደን ላይ፣ ኋላም በፈረንጆቹ 1940 እና 1941 ቦምቤይ ላይ የማርያ ቴሬዛን ብር ቀረጹ፤ የቦምቤዩ ብቻ ወደ 19 ሚሊዮን ይጠጋል። የሮማው 19 ሚሊዮን፣ የቦምቤዩም 19 ሚሊዮን! ሁለት የሚዋጉ መንግሥታት የአንዲት የሞተች ንግሥት ምስል ቀርጸው እኛ ገበያ ላይ ተገናኙ። እስቲ ክብደቱን እናስላው፦ 1,000 ጠገራ 28 ኪሎ ነው። 5,000 ጠገራ 140 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ግመል ሸክም። አንድ ግመል ገደል ከገባ 5,000 ብር ይዞ ገባ ማለት ነው።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያኖች እንጅባራንና ዳንግላን ለቀቁ። የዳንግላው ጦር ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል በድምፅ ማጉያ አስካሪዎችን ይጠራ፣ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ያሰራጭ ነበር። መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ።

ጦርነቱ አለቀ፤ የነጋዴው ራስ ምታት ግን አላለቀም። አሁን በገበያ ላይ ጠገራ አለ፣ ሊሬ አለ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አለ፣ የግብፅ ፓውንድና የሕንድ ሩፒም ከወታደሩ ጋር ገብቷል። አንድ ኩንታል እህል የሸጠ ሰው አምስት ዓይነት ገንዘብ ይዞ ሊመለስ ይችላል። እንግሊዝ ለጦር ኃይሏ እህል ስለምትፈልግ እህል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጨርቅ ግን በቂ አይገባም። የገጠሩ ሰው ያው እንደ ልማዱ ጠገራውን ያዘ። ሁለት ሽልንግ ለአንድ ብር የሚለው ሒሳብ ግን በሰው አእምሮ ውስጥ ተቀመጠ።

አሁን አሜሪካ ትመለሳለች። በ1935 ዓ.ም. ይልማ ዴሬሳ የመሩት የልዑካን ቡድን ዋሽንግተን ሄደ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ኢትዮጵያና አሜሪካ የጋራ ርዳታ ስምምነት ተፈራረሙ። አዲስ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብላወርስ የተባለ አሜሪካዊ ሆነ። የገጠሩ ሰው ወረቀት እንደማያምን ስለታወቀ አዲሱ የአገር ገንዘብ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ብር ያለበት ሳንቲም ያስፈልገው ነበር። አሜሪካ ከግምጃ ቤቷ 5.4 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ጥሬ ብር በውሰት ሰጠች፤ እንዲሁ ለሕንድና ለሳውዲ ዓረቢያም ሰጥታለች። ፊላዴልፊያ ላይ 50 ሳንቲም ተቀረጸበት፤ ሰማንያ በመቶው ንጹሕ ብር፣ ክብደቱ 7 ግራም። ያ ጥሬ ብር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ሳንቲም ያህል ይወጣዋል። አሜሪካውያን ከዓመት በፊት የራሳቸውን ሳንቲም ከብረት ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የእኛ 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲም ግን በመዳብ መጣ። የወረቀቱም ብር ያው አሜሪካ ታተመ፤ ባለ አንድ ብሩ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነበረበት።

ገንዘቡ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ የወጣው 25 ሳንቲም በመጠኑ ከ50ው ጋር ስለሚመሳሰል አስቸገረ። ስለዚህ ተሰብስቦ ጠርዙ እንደ ሞገድ እንዲከረከም ተደረገ፤ አባቶቻችን «ስሙኒ» የሚሉት ያ ጠርዘ ሞገዱ ሳንቲም ነው። 50 ሳንቲሙን ደግሞ ሕዝቡ «ሽልንግ» አለው፤ ሁለቱ አንድ ብር ይሆናልና።

ጠገራውስ? መንግሥት ሰብስቦ ሊያቀልጠው ፈለገ። ብዙው ግን ተመልሶ አልመጣም። ከፊሉ እንደተቀበረ ቀረ፣ ከፊሉ አንጥረኛ እጅ ገብቶ አልቦ፣ ድሪ፣ አምባርና ጠልሰም ሆነ። ከፊሉም ጆሮ ተበጅቶለት በእናቶች አንገት ላይ ተንጠለጠለ፤ እስከ ዛሬ በሠርግ ቀን ከሙዳይ ይወጣል። ካላችሁ አውጡና እዩት። 1780 ይላል፤ ሮም ይቀረጽ ወይ ቦምቤይ፣ ወራሪው ያምጣው ወይ የሞተ ግመል ላይ ይወረድ፣ ፊቱን አይቶ መለየት ለብዙ ሰው ይከብዳል። በትከሻዋ ላይ ያሉት ነጥቦች ግን አሁንም ዘጠኝ መሆናቸውን መቁጠር ትችላላችሁ።